የጽዋ ማኅበር ሳይፈርስ እንዲዘልቅ፦ የአንዲት ጸሐፊ ምክር ከደብረ ብርሃን

ይህን የምጽፈው አዲስ የጽዋ ማኅበር ለመመሥረት ለምታስቡ፣ ወይም ባላችሁ ማኅበር ውስጥ መኮራረፍ ገብቶ «እስኪ ለጊዜው እናቁመው» የሚል ቃል መሰማት ለጀመረባችሁ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ገበያ እህል እነግዳለሁ። ወር በገባ በ21 የማርያምን ጽዋ ለሚጠጣ ማኅበር ደግሞ ጸሐፊ ነኝ፤ ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው ያለው። አባሎቻችን ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከአንኮበርና ከቡልጋ የመጡ ናቸው። ሁሉም የአገሩን ሥርዓት «ትክክለኛው ይህ ነው» ብሎ ይዞ ስለሚመጣ ክርክር አጥተን አናውቅም።

ሰው ተጣላ ተብሎ ማኅበር ሲፈርስ አላየሁም። ጠቡ ጽዋው ፊት ሲዘረገፍ ወይም «ለአንድነት ሲባል» ተሸፋፍኖ ሲከርም ግን ይፈርሳል። ስለዚህ ምክሬ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፦ ለድግሱ፣ ለንባቡ፣ ለክርክሩና ለእርቁ ለየብቻ ጊዜና ቦታ ስጡ። አንዱን በሌላው ላይ አትደርቡ።

አጀማመር

ከአጥቢያችሁ ካህን ጋር ሳትነጋገሩ አንድም ሰው አትጋብዙ። ጸሎት የሚያደርስ፣ ጽዋውን የሚባርክ፣ ሲያስፈልግም የሚገሥጽ አባት ከሌለ የምትመሠርቱት የጎረቤት ግብዣ ነው። ግብዣም ክፉ አይደለም፤ ማኅበር ግን አትበሉት።

በ12 ቤት ጀምሩ። ተራው ለእያንዳንዱ ቤት በዓመት አንዴ ይደርሳል፤ ጳጉሜን 21 ስለሌላት ነፃ ናት። ሰው ከበዛ ሁለት ሁለት ቤት እየተጣመረ እስከ 24 መሄድ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ሌላ ማኅበር ይወለድ እንጂ አታስፉት። ሳሎን ያልበቃው ሰው በረንዳ ላይ ይቀራል፣ በረንዳ ላይ የቀረ ደግሞ ንባቡን ስለማይሰማ ወሬ ይጀምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ እዚህ ከተማ በረንዳ ላይ ሰው ማስቀመጥ በራሱ ኃጢአት ነው።

መሪው እንደምታውቁት ሙሴ ይባላል። ሀብታም ሰው ሙሴ አድርጋችሁ አትምረጡ። ሀብታም ሙሴ ሲቆጣ ሰው ያለበትን ብድር እያሰበ ዝም ይላል፣ ዝምታውም ስምምነት ይመስላል። ቀስ ብሎ የሚናገርና ወሬ ይዞ የማይዞር ሰው ፈልጉ። የእኛ ሙሴ ገበሬ ናቸው፤ ከሚናገሩት ዝም የሚሉት ይበዛል።

ደንቡ ከአንድ ገጽ አይለፍ። የተራው ቅደም ተከተል፣ መዋጮው፣ የድግሱ ልክ፣ ሐዘን ሲደርስ ተራ እንዴት እንደሚለዋወጥ፣ ቅጣቱ። ቅጣትን በገንዘብ አታድርጉት፤ ጧፍ ወይም ዕጣን ለቤተ ክርስቲያን ይሁን። በዓመት አንድ ጊዜ ደንቡ ጮክ ተብሎ ይነበብ። እኛ በመስከረም ልናደርገው አስበን ነበር፤ መስከረም 21 ላይ ሰው ወደ ግሼን ስለሚሄድ ወደ ጥቅምት አዛወርነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ዕቁብን ከጽዋ ጋር አትቀላቅሉ። «ለምን በዚያው አንጥልም?» የሚል ሰው ሁልጊዜ ይመጣል፣ ሐሳቡም ደግ ይመስላል። ዕቁቡን መጣል ያቃተው ሰው ግን በሚቀጥለው ወር ፊቱን ማሳየት ያፍርና ከጽዋውም ይቀራል። ዕቁባችሁን ሌላ ቀን፣ ሌላ ቤት ጣሉ።

ድግሱን ዝቅ አድርጉ

ብዙ ማኅበር የሞተው በሥጋ ወጥ ነው። አንዷ ተረኛ ከጠላው በላይ ቢራ በሳጥን ታስመጣለች። የቀጣዩ ወር ተረኛ ላለማነስ በግ ያርዳል። ሦስተኛዋ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በጉልት ንግድ የምታሳድግ ናት። ተራዋ ሲደርስ «አሞኛል» ትላለች፣ በሚቀጥለው ወር ትቀራለች። ማንም ውጪ አላላትም፤ እሷ ግን ወጥታለች።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 ከቁጥር 17 ጀምሮ የሚቆጣው ይህንኑ ነው። ምእመናኑ አብረው ለመብላት ይሰበሰባሉ፣ ግን አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይሰክራል። የሌላቸውን እያሳፈራችሁ የእግዚአብሔርን ማኅበር ትንቃላችሁ ይላቸዋል። ይህን ያነሣውም ከጌታ እራት ጋር አያይዞ ነው። የድግስ ልክ ለመወሰን በተቀመጥን ቀን መጀመሪያ ይህንን ምዕራፍ አነበብን፤ ከዚያ በኋላ «የእኔ ቤት ክብር» የሚል ክርክር በጣም አጠረ።

ልካችን የገብስ ጠላ፣ ድፎ ዳቦ፣ ንፍሮ ወይም ቆሎ፣ አንድ ዓይነት የጾም ወጥ ነው። የኅዳሩ ጽዋ በነቢያት ጾም ላይ ስለሚውል መቼም የጾም ነው፤ እኛ ግን በፍስኩም ወር ከዚያ አንወጣም። ዘንድሮ ይፈቀድ፣ ከርሞ ይከልከል ማለት ከጀመራችሁ መቆሚያ የለውም።

ተረኛው በጊዜ ይነገረው። በእኛ አገር ብርድ ጠላ ቶሎ አይደርስም። ጥንስሱን ቆላ እንዳለ ሰው በመጨረሻው ሳምንት የጀመረች ሴት ያልፈላ ነገር ታቀርብና ስትሸማቀቅ ትውላለች። ጋኑን በአሮጌ ባና ጠቅልሎ ምድጃ ያለበት ቤት ማስቀመጥ ይረዳል። ለተቸገረ ተረኛ ደግሞ እንዲህ እናደርጋለን፦ ሙሴው ብቻ ያውቃሉ፣ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ከእኔ መደብር ገብሱን ይወስዳሉ፣ ሒሳቡ ከማኅበሩ ሣጥን ይወጣል። ደብተሩ ላይ «ገብስ» ተብሎ ይጻፋል፣ ለማን እንደሆነ አይጻፍም። ሒሳብ አጣሪ ይህን ሲያይ ቅር ሊለው ይችላል። ቅር ይበለው።

ስለ አቀማመጥ ብዙ አልልም። ከካህኑና ከአረጋውያን በቀር በመጡበት ቅደም ተከተል ይቀመጡ። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ስላደረገው ሰው የተጻፈውን አንድ ጊዜ አንብቡላቸውና እለፉት።

መጽሐፉን ሳትገልጡ አትከራከሩ

ንባቡ ከጽዋው በፊት ይሁን። ጠላ ከቀመሰ ሰው ጋር ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ አይወራም።

የዕለቱን ምንባብ ካህኑ ከግጻዌው ይነግሯችኋል። ቁጥሯን ብቻ ቆርጣችሁ አታንብቡ፤ ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች፣ በአማርኛ፣ ሳትቸኩሉ። ለንባብ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን አቁሙ። እኛ ዘንድ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅዳሴና በስብከት የሰሙት ግን በውስጣቸው ተቀምጧል። ልጁ መስመር ዘሎ ሲያነብ «ቆይ ልጄ፣ መሐል ላይ አንድ ነገር ጎደለ» የሚሉት እነሱ ናቸው። ልጁ ይመለሳል፣ እውነትም ዘሏል።

ከንባቡ በኋላ ጥያቄ ይፈቀድ። የእኛ ደንብ «ሰምቻለሁ» አይበቃም፣ ምዕራፍ አምጡ የሚል ነው። ስልክ ላይ የሚዞር ስብከት ሁሉ፣ የቲክቶኩም የዩቲዩቡም፣ በዚሁ ያልፋል። በሐዋርያት ሥራ 17 የቤርያ ሰዎች ጳውሎስ ራሱ የነገራቸውን እንኳ እንዲህ ይሆንን ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር፤ በዚህም ተመሰገኑ እንጂ አልተነቀፉም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ።

መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ በደብተሩ ጀርባ ይጻፋል። ካህኑ ወደ መጻሕፍት መምህር ይዘውት ይሄዳሉ፣ በቀጣዩ ወር ይመለሱበታል። እስከዚያ ማንም ማንንም «መናፍቅ» አይልም። ይህችን አንቀጽ በደንባችሁ ውስጥ በደማቅ ቀለም ጻፏት።

ምሳሌ ልስጥ። አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአባላችን ልጅ «ተዝካር የት ነው የተጻፈው?» ብሎ ጠየቀ። ቤቱ ተናጋ። አንድ አባት «ይሄን ያስተማሩህ እነማን ናቸው?» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሙሴያችን እጃቸውን ከፍ አድርገው «ልጁ ጠየቀ እንጂ አልካደም፤ ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩት።

በወሩ ካህኑ ሁለተኛውን የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 1ን አስነበቡን፤ ጳውሎስ ስለ ሄኔሲፎሩ በዚያን ቀን ከጌታ ምሕረትን እንዲያገኝ የለመነበትን። ስለ ሞቱት መጸለይ ቤተ ክርስቲያን ከአባቶች የተቀበለችው መሆኑንም አስረዱ። ከዚያ ግን ወደ አባቶች ዞር ብለው «ጸሎቱ፣ ቅዳሴው፣ ለድኻ መመጽወቱ የቤተ ክርስቲያን ነው። በብድር ገዝታችሁ የምታርዱትን በሬ ግን ማን አዘዛችሁ?» አሉ። ልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ «አባ፣ እኔም የጠየቅሁት በሬውን ነበር» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያን ዕለት ዝም አሰኝተነው ቢሆን ግማሽ እውነት የያዘውን ልጅ እናጣው ነበር፤ እሺ ብለነው ቢሆን ደግሞ ጸሎቱንም ከበሬው ጋር እንጥለው ነበር።

ሌላም ልብ በሉ። ሊቃውንቶቻችን መጽሐፍ ሲተረጉሙ አንዱን ንባብ አንድ ጊዜ ፈትተው አያቆሙም፤ «አንድም» እያሉ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ፍቺ ያስከትላሉ። በሃይማኖቱ ግቢ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ሁለት ሰው አንድን ቃል ሁለት ዓይነት ቢረዳው ማኅበር አይፈርስም።

ስለ ደብረ ምጥማቅ

የማርያም ማኅበርተኛ ግንቦት 21 ደብረ ምጥማቅ መሆኗን ያውቃል፤ እመቤታችን በግብፅ በደብረ ምጥማቅ የተገለጠችበት መታሰቢያ ናት። የግብፁ ቤተ ክርስቲያን መፍረሱን የሰማው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዚያው ስም ገዳም የተከለው እዚሁ እኛ ዘንድ፣ በተጉለት ነው። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ብዙ የሰሜን ሸዋ ሰው አያውቀውም።

በዚያ ገዳም በ1450፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ትልቅ ጉባኤ ተደረገ። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ይላሉ፤ ከእስክንድርያ የሚመጡት ጳጳሳትና ከእነሱ ጋር የቆመው ወገን አይቀበልም። ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ተንከባልሎ ነው እዚያ የደረሰው። በጉባኤው አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል፣ ሁለቱ ጳጳሳት፣ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ተስማሙ። ኤዎስጣቴዎሳውያኑ ደግሞ ክህነትን ከጳጳሳቱ እጅ ለመቀበል ተስማሙ። እያንዳንዱ ወገን አንድ ነገር አገኘ፣ አንድ ነገር ለቀቀ።

ያው ንጉሥ፣ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አላደረገም። ከተማችን ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በሰማይ ከታየው ብርሃን ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ለዚያ ተሠራ። በዜና መዋዕሉ እንደተጻፈው ብርሃኑ የታየው መናፍቃን የተባሉ ሰዎች፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ (የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት)፣ በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ ነው። በክብረ በዓል ላይ ይህን ክፍል አናነሣም፤ እኔ ግን ማንሣት አለብን እላለሁ። የቅዳሜው ክርክር ተጉለት ላይ በንግግር ተቋጨ። ደቂቀ እስጢፋኖስን ግን ድንጋዩ አላጠፋቸውም፤ በጉንዳ ጉንዶ ገዳማቸው ከንጉሡም በኋላ ኖሩ።

ስለዚህ ክርክር ሲረዝምባችሁ ሁለቱንም ወገን «አንተ ምን ትለቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጻፉት። ምንም አልለቅም ያለውን ሰው ለካህኑ ተዉላቸው።

ጠብ ሲነሣ

በማቴዎስ 18 ከቁጥር 15 ጀምሮ ያለውን ቅደም ተከተል እንዳለ ያዙት፦ መጀመሪያ ብቻህን ወደ እርሱ ሂድ፣ ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። ሰው ሁሉ ጥቅሱን ያውቀዋል፤ ሲበደል ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። ዛሬ ደግሞ ቴሌግራም አለ፤ በደሉን ግሩፑ ላይ ለጥፎ ይተኛል።

ከገጠሙን ሁሉ የከበደው የባሕር ዛፍ ነገር ነው። ገጠር የሚዋሰን መሬት ያላቸው ሁለት አባሎች ነበሩን። ታናሹ ድንበር ላይ የቆመውን ባሕር ዛፍ ቆርጦ ለአጣና ሸጠው። በሚቀጥለው ጽዋ ታላቁ ሰውዬ «እኔ ከሌባ ጋር ጽዋ አልቀምስም» ብለው ተነሡ። ሙሴው አላከራከሩም። «ይህ ነገር የዚህ ቤት አይደለም፤ ሐሙስ እኔ ቤት ትመጣላችሁ» አሉ። በዚያ ዕለት ጽዋው ለሁለቱም አልተሰጠም፤ ተበደልኩ ላሉትም ጭምር። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለው የማቴዎስ 5 ቃል በዳይ ብቻ ይታረቅ አይልም፤ ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ ነው የሚለው።

ከሐሙሱ በፊት ታናሹ ብቻውን ሄደ። «ጋሼ፣ ባሕር ዛፉን ቆርጫለሁ። የማን እንደሆነ ሽማግሌ ይይልን፤ እስከዚያ ሌባ አይበሉኝ፣ ልጆች አሉኝ» አላቸው። በሩን እንኳ በወጉ አልከፈቱለትም። ሐሙስ ሁለት ሽማግሎች ድንበር ድረስ ወረዱ። የድንበሩን ድንጋይ ይዘው ሲያዩት ጉቶው መስመሩ ላይ ነው፣ ግማሹ ከወዲህ፣ ግማሹ ከወዲያ። የሽያጩ ግማሽ ተከፈለ። ታናሹ ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ጋሼ ቀድመው አነሡትና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። እሳቸውም «ሌባ» ላሉት ቃል በሰው ፊት ይቅርታ እንዲጠይቁ ሽማግሎቹ አዘዋል፤ በቀጣዩ ጽዋ ጠየቁ። ይህኛው ከገንዘቡ ይልቅ ከብዷቸው ነበር።

ለጸሐፊዎች፦ የጠቡን ዝርዝር ደብተር ላይ አትጻፉ። እኔ የጻፍኩት «ታርቀዋል» የሚል ብቻ ነው። ስምና በደል ያለበትን ገጽ ነገ ልጆቻቸው ያነቡታል።

ለድምፅ የማይቀርብ ነገር

የዳቦው መጠን፣ የስብሰባው ሰዓት፣ ወንድና ሴት አብረው ይቀመጡ ወይስ ለየብቻ፣ እነዚህ በድምፅ ይወሰኑ፤ የመንዙም የቡልጋውም ልማድ ተራ በተራ ይሸነፍ። በጸሎተ ሃይማኖት የምንናገረው ግን ለድምፅ አይቀርብም። አንድ አባል ከዚያ የወጣ ነገር ማስተማር ቢጀምር በጉባኤ አታዋርዱት፤ ካህኑ ለብቻው፣ በትዕግሥት፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ያነጋግሩት። ባይመለስ ከጽዋው ይለያል። ከዕድሩ፣ ከለቅሶው፣ ከጎረቤትነቱ ግን አይለይም።

ወደ ወንጌላውያን የሄዱ ወንድሞችና እኅቶች የሌሉት ቤት ዛሬ ጥቂት ነው። የስድብ ስም አትስጧቸው። ልዩነት የለንም ብላችሁም አትዋሹ፤ እነሱም አይወዱላችሁም። ፖለቲካ በማኅበሩ ቀን አይነሣም። ያነሣ ጧፍ ይገዛል፤ በዚህ ቅጣት አጥቢያችን ጧፍ ተቸግሮ አያውቅም።

ከመበተናችሁ በፊት

ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ተላልፎ ካህኑ ከመረቁ በኋላ ሰው ነጠላውን እያጣፋ ሲነሣ «አንድ ጊዜ ተቀመጡ» እላለሁ። የቀሩትን ስም አነባለሁ። ለእያንዳንዱ ስም ሁለት ሰው ይመደባል፤ አንዱ ጎረቤት፣ ሌላው ከሩቅ ሰፈር። ጎረቤት ብቻ ከሄደ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል፣ የሩቁ ሲጨመር ጉብኝቱ የማኅበር ይሆናል። ከሚቀጥለው ጽዋ በፊት ሄደው ለሙሴው ይናገራሉ። ታሞ ከሆነ ለካህኑ ይነገራል። ገንዘብ ቸግሮት ከሆነ ወደ እኔ መደብር ይላካል። ተቀይሞ ከሆነ ማን እንዳስቀየመው ብቻ ይጠየቃል፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቀው ያ ያስቀየመው ሰው ነው፣ እሱም በዚያው ሳምንት፣ ብቻውን ይሄዳል።